ሳንባ አየር አይስብም፦ የትንፋሽ ጉዞ ዳሰሳ

ሳንባ ራሱን የሚያሰፋበት ጡንቻ የለውም። በዓል በመጣ ቁጥር በግ ሲበለት ያየ ሰው ይህን በዓይኑ አይቷል፤ ሳንባው ከደረት የሚወጣው ሟሽሾ ነው። አንድ ልጅ በቧንቧው በኩል ቢነፋበት ያብጣል፤ አፉን ሲያነሳ መልሶ ይሟሽሻል። እንዲያም ሆኖ ሁላችንም «ሳንባ አየር ይስባል» እያልን እንኖራለን። በትምህርት ቤት የተማርነውም የአካላቱን ቅደም ተከተል ነው፦ አፍንጫ፣ ጉሮሮ፣ ማንቁርት፣ የአየር ቧንቧ፣ ብሮንካይ፣ አልቪዮላይ። ይህን በትክክል የደረደረ ተማሪ ሙሉ ማርክ ያገኛል። ድርድሩ ልክ ነው፤ ነገር ግን አየሩን ምን እንደሚያንቀሳቅሰውና የት ላይ መፍሰሱን እንደሚያቆም አይናገርም። ስለ ትንፋሽ ከሚጠየቀው ሁሉ ዋነኞቹ እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ናቸው እላለሁ። መልሳቸው እስኪገኝም ከአንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት በላይ ወስዷል።

በ2ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ግሪካዊ ሐኪም ጋለን እንስሳትን እየቀደደ መርምሮ፣ አከርካሪ ውስጥ ያለው የነርቭ ገመድ አንገት ላይ ከፍ ብሎ ሲቆረጥ ትንፋሽ እንደሚቆም አሳይቷል። ስለ ጡንቻዎቹ ብዙ አውቋል፤ አየሩ ከገባ በኋላ ምን እንደሚሆን ግን ተሳስቷል፤ ስህተቱም ለዘመናት እንደ እውነት ሲጠቀስ ኖረ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ካይሮ ውስጥ ይሠራ የነበረው ኢብን አል ነፊስ፣ ደም ከቀኙ የልብ ክፍል ወደ ግራው የሚሻገረው በሳንባ በኩል ዞሮ መሆኑን ጻፈ። በ1661 ጣሊያናዊው ማርቼሎ ማልፒጊ የእንቁራሪት ሳንባ በማይክሮስኮፕ ሲመለከት ጥቃቅን ከረጢቶችን፣ ማለትም አልቪዮላይን፣ እና በላያቸው የተዘረጉ ከፀጉር የቀጠኑ የደም ሥሮችን አገኘ።

ነገሩን የለየው ግን በ1667 ለንደን ውስጥ የተደረገ፣ ዛሬ ማንም የምርምር ኮሚቴ የማይፈቅደው ሙከራ ነው። ሮበርት ሁክ ሮያል ሶሳይቲ በተባለው የሳይንስ ማኅበር አባላት ፊት የአንድ ውሻ ደረት ከፍቶ፣ የሳንባውን ገጽ በትናንሽ ቀዳዳዎች ወጋግቶ፣ ሳያቋርጥ አየር አሳለፈበት። ሳንባው እንደተነፋ ቀጥ ብሎ ቆየ፤ ውሻውም አልሞተም። ሕይወትን የሚያቆየው የሳንባ መነሳትና መውደቅ ሳይሆን በየጊዜው የሚታደሰው አየር መሆኑ በዚህ ታወቀ። መነሳትና መውደቁ ማጓጓዣ ብቻ ነው።

ማጓጓዣው እንዴት እንደሚሠራ ያብራራው ጆን ሜዮ የተባለ ወጣት እንግሊዛዊ ነው፤ በ1668 ባሳተመው ጽሑፍ። አንጥረኛ ወናፉን ሲከፍት አየር ይገባል። ቆዳው አየሩን ጎትቶት አይደለም፤ ውስጡ ሲሰፋ ግፊቱ ስለሚቀንስ የውጭው አየር ገፍቶ ይገባል። ሜዮ ወናፍ ውስጥ ፊኛ አስቀምጦ አሳየ፤ ወናፉ ደረት፣ ፊኛው ሳንባ ነው። ወናፉ ሲከፈት ፊኛው ያለ ምንም ጥረት ይነፋል።

የኛ ወናፍ ዋና ጡንቻ ደረትን ከሆድ የሚለየው ድያፍራም ነው። ሲኮማተር ወደ ታች ይወርዳል፤ በጎድን አጥንቶች መካከል ያሉት ጡንቻዎችም ደረትን ወደ ላይና ወደ ውጭ ያነሱታል። በደረት ግድግዳና በሳንባ መካከል ጥቂት ፈሳሽ ያለባቸው ሁለት ስስ ሽፋኖች አሉ። በመሃላቸው ያለው ግፊት ከውጭው አየር ያነሰ ስለሆነ ሳንባው ከደረቱ ሳይላቀቅ አብሮት ይሰፋል። ደረቱን በስለት የተወጋ ሰው ሳንባው ባይነካ እንኳ ሊታፈን የሚችለው ለዚህ ነው፤ አየር በቁስሉ በኩል በሽፋኖቹ መካከል ከገባ ሳንባው ይላቀቅና እንደ በጉ ሳንባ ይሟሽሻል። የሚገርመው ደግሞ የሚያስፈልገው ኃይል ማነሱ ነው። አርፎ በተቀመጠ ሰው ሳንባ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው የሚያንሰው በአንድ ሺህኛ ያህል ብቻ ነው፤ ግማሽ ሊትር አየር ለማስገባት ይህ ይበቃል። ለማስወጣት ግን፣ የተዘረጋው ሳንባ በራሱ ስለሚሰበሰብ፣ ጡንቻ አያስፈልግም። ስንሮጥ፣ ስንዘፍን ወይም ስንስል ግን የሆድ ጡንቻዎች ያግዛሉ።

ይህ ሁሉ የመጽሐፍ ወሬ ሊመስል ይችላል፤ ሰው ያዳነውና የገደለው ግን ይኸው የግፊት ልዩነት ነው። ፖሊዮ የትንፋሽ ጡንቻዎችን ሽባ ሲያደርግ ታማሚው ሳንባው ጤነኛ ሆኖ ሳለ ታፍኖ ይሞት ነበር። በ1928 ፊሊፕ ድሪንከርና ሉዊስ ሾው አሜሪካ ውስጥ «የብረት ሳንባ» ሠሩ። ታማሚው ከአንገቱ በላይ ሲቀር መላ አካሉ ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ የሳጥኑ ግፊት ሲቀንስ ደረቱ ይሰፋል፣ አየርም በአፍንጫው ይገባል። መሣሪያው የተፈጥሮን መንገድ የተከተለ ነበር። በ1952 ኮፐንሃገን ውስጥ ወረርሽኙ ሲበረታ ግን የከተማዋ ዋና የተላላፊ በሽታ ሆስፒታል የነበሩት መሣሪያዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ጡንቻቸው ከተያዘባቸው ታማሚዎች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ይሞቱ ነበር። የማደንዘዣ ሐኪሙ ብዮርን ኢብሰን ነገሩን ገለበጠው። የታማሚውን የአየር ቧንቧ አንገቱ ላይ ቀዶ ቱቦ አስገባና በእጅ በሚጨመቅ የጎማ ከረጢት አየሩን ወደ ውስጥ ገፋ። የሕክምናና የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች፣ ቁጥራቸው 1,500 ገደማ፣ በፈረቃ ሌትና ቀን ከረጢት ሲጨምቁ ከረሙ። ሟቾቹ ወደ 40 በመቶ ገደማ ወረዱ። የዛሬው የጽኑ ሕሙማን ክፍል የተወለደው ያኔ ነው፤ በኮሮና ጊዜ ስሙን ሁሉም ሰው የለመደው ቬንቲሌተርም የዚያ ከረጢት ልጅ ነው።

መግፋት ግን ዋጋ አለው። ተፈጥሮ ሳንባን ከውጭ እየዘረጋች አየር ታስገባለች፤ ማሽኑ ከውስጥ እያሳበጠ። በ2000 የታተመ የአሜሪካ ሆስፒታሎች ጥናት ሳንባቸው ክፉኛ የተጎዳ ታማሚዎችን በሁለት መንገድ አነጻጸረ። ለየአንዳንዱ ኪሎ ክብደት 12 ሚሊ ሊትር ከተገፋላቸው ውስጥ 40 በመቶ ያህሉ ሲሞቱ፣ 6 ሚሊ ሊትር ብቻ ከተሰጣቸው የሞቱት 31 በመቶ ነበሩ። ለተጨነቀ ሰው አየር ማብዛት ደግነት ይመስላል፤ የሚያድነው ግን ትንሹ ሆኖ ተገኘ።

ወደ መንገዱ እንግባ። አፍንጫ አየሩን ያጣራል፣ ያሞቃል፣ ያረጥባል። አየሩ ከሚያጋጥመው እንቅፋት ግማሽ ያህሉ እዚያው አፍንጫ ውስጥ ነው፤ ሩጫ ላይ አፋችንን የምንከፍተው ከዚህ የተነሳ ነው። አየሩ የአየር ቧንቧው ለሁለት ከሚከፈልበት ትንሽ ዝቅ ሲል ሙቀቱ 37 ዲግሪ ደርሷል፣ እርጥበትም ጠግቧል። በደብረ ብርሃን ውርጭም ሆነ በጋምቤላ ሙቀት አልቪዮላይ ዘንድ የሚደርሰው አየር ሙቀቱና እርጥበቱ አንድ ነው። በኮሮና ወቅት ባሕር ዛፍና ዝንጅብል አፍልቶ መታጠን የየቤቱ መድኃኒት ነበር። እንፋሎቱ የተደፈነ አፍንጫን ያቀልል ይሆናል፤ ሳንባ ድረስ ወርዶ ቫይረስ ያቃጥላል የተባለው ግን ከዚህ አሠራር ጋር አይሄድም። ሙቀቱን የላይኛው መንገድ ተቀብሎ ያስቀረዋል።

ከአፍንጫ በታች አየርና ምግብ በአንድ ጉሮሮ ያልፋሉ፤ እውነቱን ለመናገር አሠራሩ አደገኛ ነው። ስንውጥ ማንቁርት ወደ ላይ ይነሳል፣ ክዳኑ ይደፋል፣ የድምፅ አውታሮች ይገጥማሉ፣ ትንፋሽም ለአፍታ ይቆማል። እየሳቀ የሚበላ ሰው ትን የሚለው ይህ ቅንጅት ሲናጋ ነው። አዋቂ ስሎ ያስወጣዋል። ቆሎ ወይም ኦቾሎኒ የሚበላ ሕፃን ግን ፍሬው አምልጦት ወደ ታች ሊወርድ ይችላል፤ የቀኙ ዋና ብሮንካስ ከግራው ሰፋ ያለና ቀጥ ያለ ስለሆነ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው። አየርና ምግብ በሚገናኙበት በዚሁ ጉሮሮ ላይ የተንጠለጠለው እንጥል ደግሞ ባልሠራው ሲወነጀል ኖሯል። ወርዶ ትንፋሽ ይዘጋል በሚል በብዙ አካባቢ ሕፃናትን ማስቆረጥ የቆየ ልማድ ነው። እንጥል ከለስላሳው ላንቃ ጋር ተነስቶ ምግብ ወደ አፍንጫ እንዳይወጣ ያግዛል እንጂ የአየሩን መንገድ አይዘጋም። ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ፣ ሲተነፍስ ከጎድኑ በታች ደረቱ የሚሰረጉድ ሕፃን ምልክቱ የሳንባ ምች ነው፤ የሚያስፈልገው ጤና ጣቢያ ነው። ምላጭ የሚያተርፍለት ደም መፍሰስና ቁስል መመርቀዝን ነው።

ከአየር ቧንቧው በታች መንገዱ ይከፈላል፤ የተከፈለውም እንደገና ይከፈላል። የስዊዘርላንዱ ኤዋልድ ቫይበል በ1963 ባሳተመው መጽሐፍ ክፍፍሉ በአማካይ 23 ጊዜ እንደሚደጋገም አስልቷል። የመጀመሪያዎቹ 16 ክፍፍሎች መተላለፊያ ብቻ ናቸው፤ ኦክስጅን ከዚያ ወደ ደም አይገባም። ግድግዳቸው በንፍጥ የተለበጠ ነው፤ በዓይን የማይታዩ ሽፍሽፍቶች ንፍጡን ከተያዘው አቧራ ጋር ወደ ጉሮሮ ይገፉታል፤ ሳይታወቀን እንውጠዋለን። ሲጋራ እነዚህን ሽፍሽፍቶች ያዳክማል፤ አጫሽ ጠዋት ጠዋት አክታውን በሳል ሲያወጣ እነሱ ያልሠሩትን ሥራ እየሠራ ነው። አስም የሚያጠብበውም ይህንኑ መተላለፊያ ነው። አየሩ ገብቶ መውጣት ያቅተዋል፤ ሲር ሲር የሚለው ድምፅ ከሁሉ በላይ የሚሰማው ሲወጣ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ደረስን፤ እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝም ይህ ክፍል ነው። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ከወላጁ ይጠባል፤ ቁጥሩ ግን እየበዛ ስለሚሄድ ጠቅላላ ስፋቱ እያደገ ይሄዳል። የአየር ቧንቧው ስፋት 2.5 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ የመጨረሻዎቹ ቅርንጫፎች አንድ ላይ ሲደመሩ ከ10,000 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይበልጣሉ። መንገዱ በዚህ መጠን ሲሰፋ ፍሰቱ እየዘገመ መጥቶ ወደ መጨረሻው ላይ የቆመ ያህል ይሆናል። የቀሩትን ጥቂት ሚሊ ሜትር የኦክስጅን ሞለኪውሎች የሚያልፉት ማንም ሳይገፋቸው፣ ከበዙበት ወደ አነሱበት በመሠራጨት ነው። ነፋሱ አልቪዮላይ ደርሶ አይነፍስም ማለት ነው።

ከዚህ የሚከተል አንድ ሒሳብ አለ። በአንድ ትንፋሽ ከሚገባው 500 ሚሊ ሊትር ውስጥ 150ው መተላለፊያው ውስጥ ቀርቶ ሳይሠራ ይመለሳል፤ አልቪዮላይ ዘንድ የሚደርሰው 350 ነው። በደቂቃ 12 ጊዜ በእርጋታ የሚተነፍስ ሰው 6 ሊትር አስገብቶ 4.2 ሊትሩን ይጠቀማል። በፍርሃት ወይም በሕመም እየቆራረጠ በደቂቃ 24 ጊዜ፣ 250 ሚሊ ሊትር ብቻ የሚያስገባ ሰውም ያው 6 ሊትር አስገብቷል፤ የሚጠቀመው ግን 2.4 ሊትር ብቻ ነው። ለተጨነቀ ሰው «ረጋ ብለህ በረጅሙ ተንፍስ» የሚባለው ምክር ከማጽናናት ያለፈ ነው።

ኦክስጅኑ የመጨረሻዋን ግድግዳ እንዴት ያልፋል? በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ዴንማርካዊው ክርስቲያን ቦርና እንግሊዛዊው ጆን ስኮት ሃልዴን፣ ሁለቱም ታላላቅ ሊቃውንት፣ ሳንባ ኦክስጅንን እንደ ዕጢ እያመነጨ ወደ ደም ይገፋል ብለው ያምኑ ነበር። የቦር ረዳት የነበረው ኦገስት ክሮግና ሐኪሟ ሚስቱ ማሪ በ1910 በተከታታይ ባወጧቸው ጽሑፎች መሠራጨት ብቻውን እንደሚበቃ አሳዩ። ትክክሉ የእነሱ ሆነ፤ ሃልዴን ግን ከእምነቱ ፈቀቅ ሳይል ኖረ። መሠራጨት የሚበቃበት ምክንያት በቁጥር ይገለጣል። አንድ ሰው በአማካይ 480 ሚሊዮን ያህል አልቪዮላይ አሉት፤ ተዘርግተው ቢለኩ ከ100 ካሬ ሜትር ይበልጣሉ፤ በአየሩና በደሙ መካከል ያለው ግድግዳ ደግሞ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ይቀጥናል። ቀይ የደም ሴል በዚያ ግድግዳ አጠገብ ለማለፍ ሦስት አራተኛ ሰከንድ ያህል ሲፈጅባት፣ ኦክስጅን ለመጫን የሚያስፈልጋት የዚያ ሲሶ ነው። የምንተነፍሰው አየር ሲገባ 21 በመቶ ኦክስጅን አለው፤ ሲወጣ 16 በመቶ ይቀረዋል። ራሱን በሳተ ሰው አፍ ውስጥ የሚተነፈስ ትንፋሽ ሕይወት የሚያድነው በዚህ ትርፍ ነው።

ያን ያህል ትናንሽ ከረጢቶች ግን ለመክፈት ከባድ ናቸው። ውስጣቸውን ያራሰው ውሃ ወደ መሃል እየሰበሰበ ሊዘጋቸው ይታገላል። የማይዘጉት፣ የሳንባ ሴሎች የሚያመርቱት ሰርፋክታንት የተባለ ቅባታማ ንጥረ ነገር የውሃውን ጉልበት ስለሚሰብር ነው። ፅንስ ይህን በበቂ የሚያመርተው በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ሳምንታት ነው። ያለጊዜያቸው የሚወለዱ ሕፃናት ሲታፈኑ ጉድለቱ ይኸው መሆኑን ሜሪ ኤለን ኤቨሪና ጄሬ ሚድ በ1959 አሳዩ። በ1963 የፕሬዚዳንት ኬኔዲ ልጅ ፓትሪክ ከጊዜው ቀድሞ ተወልዶ ከ39 ሰዓት በኋላ በዚህ ሕመም ሞተ፤ የአሜሪካ ሥልጣንና ገንዘብ ያኔ መድኃኒት አልነበረውም። ጃፓናዊው ቴትሱሮ ፉጂዋራ ሰርፋክታንቱን በቱቦ ወደ ሕፃናት ሳንባ ሰጥቶ ውጤቱን ያሳተመው በ1980 ነው።

ስለ አየር ግፊት ሲነሳ ኢትዮጵያን ማለፍ አይቻልም። ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ፣ ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ በአንድ አገር ይገኛሉ። በየትኛውም ከፍታ አየር 21 በመቶው ኦክስጅን ነው፤ የሚለየው የሚገፋው ኃይል ነው። አዲስ አበባ ላይ የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ መሠራጨት ደግሞ የሚኖረው በግፊት ልዩነት ነው። በ1968 ማሞ ወልዴ ማራቶንን ያሸነፈባት ሜክሲኮ ሲቲ እንኳ ከአዲስ አበባ ዝቅ ትላለች። በ2002 የታተመው የሲንቲያ ቤልና የባልደረቦቿ ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን ሲመረምር ያልተጠበቀ ነገር አገኘ። የአንዲስ ተራሮች ነዋሪዎች በደማቸው ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ከፍ ብሏል፤ የቲቤት ሰዎች በደማቸው ያለው ኦክስጅን ዝቅ ይላል። የሰሜን ነዋሪዎች ግን ሄሞግሎቢናቸውም የኦክስጅን ሙሌታቸውም በቆላ ከሚኖር ሰው ብዙ የማይለይ ነበር። ዘረመልን የተመለከቱ ጥናቶች ተከትለዋል፤ የባሌን ደገኞች ያካተቱትም ሁሉም ደገኛ አንድ ዓይነት አለመሆኑን አሳይተዋል። የሯጮቻችንን ድል በከፍታ ብቻ የሚያብራሩ ሰዎች ግን አያሳምኑኝም፤ ከፍታውን ሁሉም ደገኛ ይጋራዋል፣ ሜዳሊያውን ግን አይጋራም።

መንገዱ ለኦክስጅን ክፍት እንደሆነ ለሌላውም ክፍት ነው። ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ መቶኛ የሚበልጥ አቧራ አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ይቀራል። የኩበትና የጭራሮ ጭስ ውስጥ ያለው ደቃቅ ብናኝ ግን ወንፊቱን ሁሉ አልፎ ፍሰቱ የሚቆምበት ድረስ ይደርሳል፤ እዚያ ጠራጊ ሽፍሽፍት የለም። መስኮት በሌለው ማዕድ ቤት እንጀራ ስትጋግር የኖረች፣ ሲጋራ በእጇ ይዛ የማታውቅ እናት ስታረጅ የአጫሽ ሳንባ የሚኖራት ለዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት በ2020 የሞቱትን 3.2 ሚሊዮን ያደርሳቸዋል። የከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። ቀለምም ሽታም የለውም፤ አያስልም፤ ሄሞግሎቢንን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ፍም የያዘ ምድጃ ክፍል ውስጥ አስገብቶ፣ በር ዘግቶ መተኛት በየክረምቱ ቤተሰብ የሚጨርሰው በዚህ መንገድ ነው።

የሳንባ ነቀርሳም የሚጓዘው በዚሁ ጎዳና ነው። ታማሚው ሲስል ከሚወጣው እርጥበት ትልቁ ጠብታ ወደ መሬት ይወድቃል። ትንሹ ግን ደርቆ አየር ላይ ለሰዓታት ይንሳፈፋል፤ መጠኑ በትክክል አልቪዮላይ የሚደርሰው ዓይነት ነው። የተንሳፈፈውን የሚያሳሳው ነፋስ ነው። ታክሲ ውስጥ «መስኮቱን ዝጉት፣ ብርድ ይመታኛል» የሚለውን ክርክር በዚህ ሒሳብ ካየነው፣ መስኮት ይከፈት የሚለው ወገን ልክ ነው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ያለበት ሰው ደግሞ ጤና ጣቢያ ሄዶ አክታውን ያስመርምር፤ ሕክምናው በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል።